በአምስት ወረቀት የተጻፈ አንድ ቁጥር



ባለፈው ሴሚስተር ላብ ውስጥ አንድ ሪዮስታት አቃጠልን። ከሌላ ፋኩልቲ ለሆናችሁ፣ ሪዮስታት ማለት ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት እጀታ ያለው፣ በአንድ መስመር የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የምንቀንስበትና የምንጨምርበት ዕቃ ነው። በእጃችን የነበረው የላብ ወረቀት ፍሰቱን ቀስ በቀስ እስከ 4 አምፔር ከፍ እንድናደርግ ያዛል። እንደተባልነው አደረግን። 3 አምፔር ካለፍን ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ቀለም ሽታ መጣ፤ ከዚያ ጭስ። አንዱ ጓደኛችን ዘሎ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋው። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ሪዮስታቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልሠራም።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆነ። ወረቀቱ ሲዘጋጅ ላቡ ውስጥ የነበሩት ሪዮስታቶች 5 አምፔር የሚችሉ ነበሩ። እነሱ አርጅተው ሲወጡ በምትካቸው የመጡት የሚችሉት 1.7 አምፔር ብቻ ነው። የላቡ ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ በሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ወረቀት ላይም «ከ1.5 አምፔር እንዳይበልጥ» ብሎ አርሞታል። ችግሩ ያው ሙከራ ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ በአምስት ፋይሎች ውስጥ መኖሩ ነው፦ የሁለተኛ ዓመት፣ የሦስተኛ ዓመት፣ የማታ ተማሪዎች፣ ላቡን በውሰት የሚጠቀም የሌላ ዲፓርትመንት፣ እና ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ፣ በቴሌግራም የሚዞር ፒዲኤፍ። እርማቱ የደረሰው ለአንዱ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የያዝነው ሌላውን ነበር። የመተኪያውን ዋጋ ለአምስት አዋጥተን ከፈልን።

ስንከፍል መናደዳችንን አንደብቅም። የሚወቀስ ሰውም ፈልገን ነበር። ባለሙያው ግን አርሟል። መምህሩ የተረከበውን ወረቀት አባዝቷል። እኛ የተጻፈውን ፈጽመናል። ሁሉም የድርሻውን ሠርቶ ዕቃው ተቃጠለ። ሰዎቹን ትተን ጽሑፉ የሚቀመጥበትን መንገድ መመርመር የጀመርነው ያኔ ነው። በእነዚህ ወራት ያየነውንና የደረስንበትን አቋም ለእናንተ ለማካፈል ነው ይህን የጻፍነው።

አቋማችን አጭር ነው። ሰው አምኖት እጁን የሚዘረጋበትን መመሪያ ስንጽፍ፣ አንድን ነገር አንድ ቦታ ብቻ እንጻፍ፤ የጻፍነው ነገር ምን እንደሆነም በጽሑፉ ውስጥ እናመልክት። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከተሠራ ቆይቷል። ኤክስኤምኤል ይባላል። ጅማሬውም ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው።

ቀዩ ቀለም ፎቶኮፒ ሲደረግ

ብዙዎቻችን ያደግነው ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ በመድረሳ እየተመላለስን ነው። ከመካከላችን አንዱ የቀራበት ቤት አንድ በእጅ የተጻፈ ኪታብ ነበረ። በብዙ የእጅ ጽሑፎች እንደተለመደው መትኑ በቀይ፣ ሸርሑ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ደረሶቹ በዙና ኪታቡ ለማባዛት ፎቶኮፒ ቤት ተወሰደ። ሲመለስ ሁሉም ጥቁር ሆኖ ነበር። መትኑ የት አልቆ ሸርሑ የት እንደሚጀምር ሸይኹ በቃላቸው ያውቁታል። ጀማሪው ደረሳ ግን የሙሶኒፉን ቃል ከአብራሪው ቃል መለየት አቃተው። የታተሙት ኪታቦች ደግሞ ብዙ ጊዜ መትኑን በቅንፍ ውስጥ ያስገቡታል። ቅንፍ ፎቶኮፒ ቢደረግ፣ ወረቀቱ ቢያረጅ፣ ቀለሙ ቢደበዝዝም ያው ቅንፍ ነው።

ኤክስኤምኤልን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ወርድ ላይ አንድን ማስጠንቀቂያ ስናደምቅና ስናቀላ የምንሠራው የቀዩን ቀለም ሥራ ነው። ዓይን ያየዋል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው ፊደሉ ቀይ መሆኑን ብቻ ነው፤ ቀይ የሆነው ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ይሁን፣ ርዕስ ስለሆነ ይሁን፣ የጻፈው ሰው ቀይ ስለሚወድ ይሁን አያውቅም። ጽሑፉ ተቀድቶ ወደ ቴሌግራም ሲገባ ቀለሙ ይቀራል፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተምም ይጠፋል። ኤክስኤምኤል በቀለም ፋንታ ቅንፍ ያደርጋል፤ በቅንፉ ላይም ስም ይጽፍበታል። እንዲህ፦

<ተግባር>
<ርዕስ>ሪዮስታቱን ከሰርኪዩቱ ጋር ማገናኘት</ርዕስ>
<ቅድመሁኔታ>የኃይል ምንጩ መጥፋቱን አረጋግጡ።</ቅድመሁኔታ>
<ማስጠንቀቂያ>ፍሰቱ ከ1.5 አምፔር አይለፍ።</ማስጠንቀቂያ>
<ደረጃ>እጀታውን ከፍተኛው ተከላካይነት ወዳለበት ጫፍ ግፉ።</ደረጃ>
<ደረጃ>አምፔር መለኪያውን በተከታታይ አገናኙ።</ደረጃ>
</ተግባር>

ይኸው ነው። በቅንፍ ያለው ስም ታግ ይባላል። እያንዳንዱ ታግ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚዘጋው ስሙ ፊት ጭረት አለው። ከውስጥ የተከፈተው ከውስጥ ይዘጋል፣ ሳጥን በሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ። አንዱን ሳትዘጉት ብትረሱ ፕሮግራሙ ፋይሉን አልቀበልም ብሎ የተሳሳተውን መስመር ይጠቁማችኋል። ስለ ፊደል መጠን፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ገጽ ስፋት እዚህ ምንም አልተጻፈም። «ማስጠንቀቂያ የተባለ ሁሉ በወፍራም ሳጥን ይውጣ» የሚለው ትእዛዝ በሌላ ፋይል አንዴ ይጻፋል፤ ከዚያ በሁሉም ወረቀቶች ላይ ይሠራል።

ታጉን በራሳችን ፊደል የጻፍነው እንዲያው ለማሳመር አይደለም። ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 የዓለም አቀፍ ድር ኮንሶርሺየም ደረጃ ሆኖ ሲወጣ፣ የታግ ስሞች በዩኒኮድ 2.0 ውስጥ በነበሩ ፊደላት የተገደቡ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 በወጣው በ3.0 ነው። ስለዚህ በታጉ መካከል አማርኛ መጻፍ ሲቻል፣ ታጉን ራሱን በአማርኛ መሰየም ግን አይቻልም ነበር። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ይህን ከፈተ፤ በ2008 የወጣው የ1.0 አምስተኛ እትምም እንዲሁ። ዛሬ ከላይ የጻፍነው ምሳሌ ሙሉ በሙሉ ትክክለኛ ኤክስኤምኤል ነው።

ሌሎች የደከሙበትን አንድገም

የራሳችንን ታጎች እየፈጠርን መቀጠል እንችላለን። ግን አንመክርም፤ ሌሎች ዓመታት የደከሙበትን ነገር በአንድ ሴሚስተር ከዜሮ ለመገንባት መሞከር ይሆናል። ሐሳቡ ራሱ ከእኛ ወላጆች የብዙዎቹን ዕድሜ ያህላል። በ1969 በአይቢኤም ውስጥ ጎልድፋርብ፣ ሞሸርና ሎሪ የተባሉ ሦስት ሰዎች የሕግ ሰነዶችን በኮምፒውተር ለመያዝ ሲሠሩ፣ የጽሑፍን ክፍሎች በስማቸው የሚያመለክት ቋንቋ ጀመሩ። ያ አድጎ በ1986 ኤስጂኤምኤል የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ኤክስኤምኤል የእሱ የቀለለ ልጅ ነው።

በዚህ ላይ ለቴክኒክ ጽሑፍ የተዘጋጁ የታግ ስብስቦች አሉ። ሁለቱን እንጥቀስ። ዶክቡክ በ1991 የተጀመረ ሲሆን ለመጽሐፍ መልክ ላለው ሥራ ይመቻል፤ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ፣ ክፍል እያለ ይወርዳል። ኪታብ፣ ባብ፣ ፈስል እያለ የቀራ ሰው ሲያየው እንግዳ አይሆንበትም። ሁለተኛው ዲታ ነው። አይቢኤም ውስጥ ተወልዶ በ2001 ለሕዝብ ቀረበ፤ ከዚያ ኦአሲስ ለተባለው የደረጃዎች ድርጅት ተሰጥቶ በ2005 የመጀመሪያው ይፋ እትም ወጣ። በአውሮፕላን ጥገና መሥራት የምትመኙ ደግሞ ኤስ1000ዲ የሚባለውን ታገኙታላችሁ። በአውሮፓ የአቪየሽን ኢንዱስትሪ በ1980ዎቹ የተጀመረ፣ ከወታደራዊ አልፎ በመንገደኛ አውሮፕላኖችም ሰነድ ውስጥ የገባ ደረጃ ነው። ይህ ትምህርት ከግቢ ከወጣን በኋላም ከእንጀራችን ጋር የሚገናኝ ነው ማለት ነው።

እኛ የመረጥነው ዲታን ነው። ምክንያታችንም በአምስት ፋይል የተበተነው ቁጥር ነው። ዲታ መጽሐፍን እንደ አንድ ረጅም ነገር አያይም። እያንዳንዱ ርዕሰ ጉዳይ በራሱ ፋይል ይጻፋል፤ ለብቻው ቢነበብም እንዲገባ ሆኖ። ርዕሰ ጉዳዮቹ በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። ኮንሰፕት አንድ ነገር ምን እንደሆነ ያስረዳል፣ «ሪዮስታት ምንድን ነው» እንደሚለው። ታስክ እንዴት እንደሚሠራ በደረጃ ያሳያል። ረፈረንስ ደግሞ ሲያስፈልግ የሚታይ ነገር ነው፤ የዕቃዎቹ የመሸከም አቅም የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ለምሳሌ። ከዚያ ማፕ የሚባል ሌላ ፋይል የትኞቹ ርዕሰ ጉዳዮች በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀርቡ ይዘረዝራል። የሁለተኛ ዓመት ወረቀት አንድ ማፕ ነው፤ የሦስተኛ ዓመቱም ሌላ ማፕ። ሁለቱም የሚጠሩት ያንኑ የሪዮስታት ፋይል ነው።

ቁጥሩስ? ዲታ ላይ ለአንድ ዋጋ ስም ሰጥቶ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። «የሪዮስታት ወሰን» ብለን 1.5 አምፔር እንላለን፤ በየወረቀቱ ቁጥሩን ትተን ስሙን እንጠራለን። ነገ ላቡ ሌላ ሪዮስታት ቢገዛ ባለሙያው አንድ መስመር ያርማል፤ አምስቱም ወረቀቶች እንደገና ሲወጡ አዲሱን ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። ለማታ ተማሪዎች ብቻ የሚሆን አንቀጽ ካለም «ለማታ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ወረቀቱ ሲወጣ ማጣሪያው ለቀን ተማሪዎች ያስቀረዋል። ሁለት ፋይል ማዘጋጀት አያስፈልግም።

ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት

ይህን ሁሉ በወሬ አላበቃንም። ያችኑ የላብ ወረቀት ይዘን ለሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ተቀመጥን። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሦስት ገጽ ነው። ሥራውን ስንጀምር ከባዱ ነገር ታጉን መልመድ ይሆናል ብለን ነበር። ታጉን ግን በመጀመሪያው ሰዓት ለመድነው። የከበደን ወረቀቱ ራሱ ምን ሊል እንደፈለገ ማወቅ ነው።

የዲታ ታስክ ጥብቅ ነው። ቅድመ ሁኔታ ከደረጃዎቹ በፊት መምጣት አለበት፤ ከኋላ ብታስገቡት ፋይሉ ስህተት አለበት ይላል። የእኛ ወረቀት «ከመጀመራችሁ በፊት የኃይል ምንጩን አጥፉ» የሚለውን ያስቀመጠው ከደረጃ 9 በኋላ፣ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። ለዓመታት ተማሪ ሁሉ ሙከራውን ጨርሶ ነው የሚያነበው። ወርድ ይህን ችግር አያይም፤ ለእሱ ሁሉም አንቀጽ ነው።

ደግሞም እያንዳንዱ ደረጃ ትእዛዝ ሊኖረው ይገባል። የወረቀቱ ደረጃ 6 ትእዛዝ አልነበረበትም፤ «ቮልቴጁ እንደሚቀንስ ይታያል» ይላል። ማን አድርጎ? ምን ነክቶ? ጠይቀን ስናጣራ ከአንድ የቀድሞ ባች ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሲገለበጥ ተዘልሎ እንደቀረ ደረስንበት። ደረጃ 7 በተቃራኒው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ትእዛዝ አጭቋል። በመጨረሻም ያው አንድ ዕቃ በሦስት ገጽ ውስጥ በሦስት ስም እንደሚጠራ አየን። ሪፖርት ላይ «ሁለት መሣሪያ ተጠቅመናል» ብለው የጻፉ ተማሪዎች ውጤት የተቀነሰባቸው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባን።

ስለዚህ ከዚህ ሥራ ያገኘነው ትልቁ ጥቅም ከኮምፒውተሩ የመጣ አይመስለንም። መዋቅሩ ጥያቄ እንድንጠይቅ አስገደደን። «ይህ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው? ማብራሪያ ነው፣ ትእዛዝ ነው፣ ውጤት ነው፣ ማስጠንቀቂያ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የላላ ዓረፍተ ነገር ማሳለፍ አይችልም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ሐሳባችንን ለጓደኞቻችን ስናካፍል የተነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አልነበሩም። እውነት ያላቸውንም እውነት ማለት ተገቢ ነው።

«ለሦስት ገጽ ወረቀት ይህ ሁሉ ለምን?» ትክክል ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ አንድ ጊዜ ለሚነበብ ነገር ኤክስኤምኤል አያስፈልግም። የሴሚናር ጽሑፋችሁን በወርድ ጻፉ። በቀመር የተሞላ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ላቴክ ይሻላል። ለአጭር ማስታወሻ ማርክዳውን ይበቃል። መዋቅራዊ አጻጻፍ ዋጋውን የሚከፍለው ያው ነገር በብዙ ቦታ ሲደጋገም፣ በየዓመቱ ሲታደስ፣ በብዙ ሰው እጅ ሲያልፍና ስህተቱ ሰው ወይም ዕቃ ሲጎዳ ነው። የላብ ወረቀት አራቱንም ያሟላል።

«ፕሮግራሙ ውድ ነው።» ውድ የሆኑ አሉ፤ የታወቀው ኦክስጅን የሚባለው ማረሚያ ይከፈልበታል። ለመጀመር ግን ግድ አይደለም። የኤክስኤምኤል ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። እኛ የተጠቀምነው ቪኤስ ኮድን ነው፤ ነፃ ነው። ፋይሎቹን ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጠው ዲታ ኦፕን ቱልኪት ደግሞ ነፃ ብቻ ሳይሆን ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ጃቫ ያስፈልገዋል። አንዴ ከወረደ በፍላሽ ይዞራል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የዶርም ኔትወርክ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«አማርኛ ያስቸግራል።» ግማሹ እውነት ነው። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 እስከተቀመጠ ድረስ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞም ሆነ ዐረብኛ መጻፉ ላይ ችግር የለም፤ በየክፍሉ ቋንቋው ምን እንደሆነ የሚገለጽበት መንገድም አለ። ወደ ድረ ገጽ ስትለውጡት በስልክ ላይ በደንብ ይነበባል። የሚያስቸግረው ፒዲኤፉ ነው። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ለፕሮግራሙ ለይታችሁ ካላሳያችሁት ከፊደሉ ይልቅ የመሰላል ምልክት ተደርድሮ ይወጣል። እኛም መጀመሪያ ያገኘነው ገጹን የሞላ መሰላል ነበር፤ አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ ፎንት አስገብተን እስኪስተካከል አንድ ምሽት ወሰደብን። ስለዚህ ጀማሪ በድረ ገጹ ይጀምር፤ ፒዲኤፉ ይቆየው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ «እናንተ ስትመረቁ ማን ይይዘዋል?» በግቢያችን አንድ ጎበዝ ጀምሮት እሱ ሲወጣ የሞተ ሥራ ስንት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ሙሉ መልስ አለን አንልም። ነገር ግን የተራ ጽሑፍ ፋይል ከማንኛውም ፕሮግራም ዕድሜ በላይ ይኖራል። ጊት በሚባለው መሣሪያ ከያዝነው ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ለምን እንደለወጠ ተመዝግቦ ይቀራል። ተረካቢው ቢያንስ ቁጥሩ ከማን እንደመጣ ያውቃል። ዛሬ በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ይህ የለውም፤ ከማን እንደመጣ የሚናገርለት ሰው የሌለው ወሬ ነው።

ከራሳችን ቤት እንጀምር

ወደ ዲፓርትመንታችን ሄደን «ወረቀታችሁን ቀይሩ» ከማለታችን በፊት የራሳችንን ቤት ማየት ይገባናል። ጀመዓችን በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚያድለው መመሪያ አለ። የመስጂዱ አቅጣጫ፣ የክሊኒክ ካርድ አወጣጥ፣ ለረመዳን ሰሑርና ኢፍጣር የሚመዘገቡበት ቦታና ቀን፣ የኡስታዞች ደርስ ሰዓት ሁሉ እዚያ ነው። ያው መረጃ በግድግዳ ፖስተር ላይም አለ፤ በቴሌግራም በሚላከው ፋይልም አለ፤ በአፋን ኦሮሞ ትርጉሙም አለ። ባለፈው ረመዳን የምዝገባው ቦታ ሲቀየር የታረመው ፖስተሩ ብቻ ነው። መመሪያውን የያዙ አዲስ ልጆች የተዘጋ በር ቆመው ጠበቁ፤ አንዳንዶቹም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ምዝገባ አሳለፉ። ሪዮስታቱ ላይ የተናደድንበትን ስህተት እኛው በእንግዶቻችን ላይ ሠርተነዋል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ ክረምት መመሪያውን ወደ ዲታ እንለውጠው። ሙሉውን በአንድ ጊዜ አንነካም። በቅድሚያ ያሉትን ሦስት አራት ፋይሎች አትመን፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ የሚደጋገመውን በእስክሪብቶ እናስምርበታለን። ይህ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ከየትኛውም ፋኩልቲ የሆነ ሰው ይችለዋል። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች ይሻሉበታል ብለን እናምናለን። ቀጥሎ ብዙ የሚቀያየሩትን አሥር የሚሆኑ ርዕሰ ጉዳዮች መርጠን እያንዳንዱን በየፋይሉ እንጽፋለን። ቦታ፣ ቀን፣ ስልክ ቁጥርና የኃላፊ ስም አንድ ፋይል ላይ ብቻ ይቀመጣሉ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይጠራል። በሦስተኛ ደረጃ ማፕ አዘጋጅተን ድረ ገጹን እናወጣለን። ከዚያ ለትርጉም እንሰጣለን፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚተረጎመው የተለወጠው ርዕሰ ጉዳይ ብቻ ይሆናል። አፋን ኦሮሞ የሚተረጉሙልን እህቶች በየዓመቱ ሙሉውን እንደገና ማንበብ እንዳታከታቸው በግልጽ ነግረውናል፤ መብታቸው ነው።

ማንም ሰው ሁሉንም ታግ ማወቅ አይጠበቅበትም። ዲታ ውስጥ ብዙ መቶ ታጎች አሉ። እኛ የላብ ወረቀቱን የጻፍነው ከአሥራ አምስት በማይበልጡ ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ለመጀመር የሚጠብቅ ሰው አይጀምርም። አንድ ርዕሰ ጉዳይ ጻፉ፣ ለውጡት፣ ስልካችሁ ላይ አንብቡት። ሲበላሽ ምን እንደተበላሸ ይነግራችኋል። ፊደል የቆጠርነው ሉሕ ላይ እየጻፍን እያጠብን ነው፤ ይህም ያው ነው።

መመሪያው ከሠራልን፣ ኢንሻአላህ፣ ያኔ የላብ ወረቀቱን ይዘን ወደ ዲፓርትመንቱ እንሄዳለን። ቅሬታ ብቻ ይዘን ሳይሆን የተሠራ ነገር ይዘን። የላቡ ባለሙያ ያስተካከልነውን ወረቀት አስቀድሞ አይቶታል። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ አነበበውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፦ «ቁጥሩን የማርመው የት ጋ ነው?» አሳየነው። አንድ መስመር ናት።

መመሪያ መጻፍ አማና ነው። አንባቢው አያውቀንም፤ ጽሑፉን አምኖ ግን ማብሪያውን ይጫናል፣ መድኃኒቱን ይለካል፣ የማያውቀው ሕንፃ በር ላይ ሄዶ ይቆማል። ያመነንን ሰው አሮጌ ቁጥር ማስያዝ የለብንም። ለመሳተፍ የምትፈልጉ፣ ዲታ የሚለውን ቃል ዛሬ ገና የሰማችሁ ብትሆኑም፣ ከጁሙዓ በኋላ በጀመዓው ቢሮ አግኙን። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።